እኔ ከሰል አይደለሁም

ጥቅምት 12

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለወናፌ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት አገር ድረስ ይምጣልሽ። የረገጥሽው መሬት ይጽናልሽ፣ የምትነጂውን አውቶቡስ ክፉ አይንካው። እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ ብለሽ ጀምሪ» ስላት ባለቤቴ ብዕሯን አንስታ አፍጥጣ አየችኝ። ምን ልበል ታዲያ? የሞተ ሰው ደብዳቤ አያስጽፍም። ስለዚህ ደህና ነኝ።

እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። የምለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ አስምዬያታለሁ። ወናፌ ብዬ ስጠራሽ ደግሞ ሳቅ ብላለች። ልጅ ሆነሽ ብረት ቤቴ ውስጥ ወናፍ ታናፊልኝ እንደነበር የረሳሁ መስሏት ይሆናል።

ስለ አደጋው ሰው ብዙ አውርቶልሽ ይሆናል፤ እውነቱን ከእኔ ስሚ። ዳቦ ጋጋሪው የግቢ በሩ አልዘጋ ብሎት ና እየው አለኝ። ሄድኩ። በሩን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ይሄ ይሰመርበት። ማጠፊያው ብስኩት ነው። የታችኛውን ለማየት ጎንበስ ስል የላይኛው ለቀቀና በሩ እንዳለ ማጅራቴ ላይ ወረደ። ዕድሜዬን ሙሉ በር ሠርቼ የእኔ በር ሰው ነክቶ አያውቅም፤ እኔ ግን በሌላ ሰው በር ተመታሁ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ሆስፒታል ስነቃ ራሴ ተጠቅልሎ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ ነበር። ቱቦው ወጣ፣ ቁስሉ ዳነ፣ እጄም እግሬም ታዘዘኝ። ያልታዘዘኝ ትንፋሼ ነው። ሐኪሙ ትሁት ልጅ ነው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ለመሆኑ ሰው ሲተኛ ማን እንደሚተነፍስለት ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? እኔ ጠይቄ አላውቅም። ለካ እዚህ ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ በሩ የወረደበት ላይ፣ የማይተኛ ዘበኛ አለ። እኛ ስናንኮራፋ እሱ ሳንባችንን ያናፋል። ከእናቴ ሆድ ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ቀን ሳያርፍ፣ አንድ ቀን ደመወዝ ሳይጠይቅ። የእኔ ዘበኛ ነው የተመታው። አሁን አሁን ይረሳል።

ሐኪሙ ከሄደ በኋላ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ሰው ወናፉን ይዞ ይዞራል፣ መያዙን ግን አያውቅም።

ቀን ቀን ዘበኛው ቢረሳ እኔ አለሁ። ጥቂት መትቼ መዶሻውን አስቀምጬ ትንፋሼን እጠብቃለሁ፤ ብረቱ እዚያው ይቀዘቅዛል፤ እንደገና እሳት ውስጥ እከተዋለሁ። ደረጃ ስወጣም ያው ነው። ስናገር ደግሞ ቃል መሀል ላይ ይቆምብኛል። ስልክሽን የማላነሳው ለዚህ ነው። ሲቆራረጥ ትሰሚና ታለቅሻለሽ፤ እኔ ደግሞ በቁሜ ልቅሶዬን መስማት አልፈልግም። ወረቀት ላይ ትንፋሽ አይሰማም። (እዚህ ላይ ለመተንፈስ ቆመ።) ይሄን ማን ጻፊ አለሽ? እኔ ዝም ብዬ ብዕሩ ሲሄድ አይቻለሁ። ሰርዢው።

ሆስፒታሉ ማሽን ሰጥቶኛል። ስትተኛ አፍና አፍንጫህ ላይ ጭምብል ታስራለህ፣ እሱ ያናፋልሃል አሉኝ። ከነካርቶኑ አልጋ ስር ገፍቼዋለሁ። ወናፍ የሚያስፈልገው ለከሰል ነው። እኔ ከሰል አይደለሁም። ለመተኛቱማ ድንጋይ ሆኜ ነው የምተኛው። እንዲያውም በሕልሜ ሥራ ላይ ነኝ። ሁልጊዜ ያው ሕልም ነው፦ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ብረት ቤት ወናፉ አጠገብ ተቀምጫለሁ። አባቴ ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ በመዶሻው ቀለል አድርጎ ጣ ጣ ያደርገዋል። «አናፋ» ማለቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ እኔም ለአንቺ እንደዚያው ነበር የማደርገው። አናፋለሁ፤ እሳቱ ይነሳል። ጠዋት ደስ ብሎኝ እነቃለሁ።

ባለቤቴን ግን እርጅና ተጫጭኗታል። ቁጭ ባለችበት ታንቀላፋለች። ይህን ስትጽፍ እንኳ ቀስቅሼያታለሁ። አስታማሚዬ ናት ይላሉ፤ የማስታምመው እኔ ነኝ።

ከቻልሽ ጥሩ ሞረድ ላኪልኝ። የእኔው ጥርሱ አልቋል፤ እንደ ባለቤቱ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አጎትሽ

ልጄ፣ አሁን ወደ ብረት ቤቱ ሄዷል፤ ይህን የምጽፈው ከራሴ ነው። አጎትሽ ድንጋይ ሆኖ አይተኛም። እንቅልፍ ሲወስደው ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ደረቱ ጸጥ ይላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። መጀመሪያ ትከሻውን እየነቀነቅሁ እቀሰቅሰው ነበር፤ «ምን አድርጌሽ ነው?» እያለ ተቆጥቶ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። አንድ ቀን መድኃኒት የማጠጣበት የሾርባ ማንኪያው ከእጄ አመለጠና የአልጋውን ብረት መታ። ጣ አለ። እንደተኛ ትንፋሹን ስቦ ቀጠለ፤ ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኪያዋ ከትራሴ ስር ናት። ሲቆም ጣ ጣ አደርጋለሁ፤ ይተነፍሳል። አባቱ የሚመታው መስፍ የመሰለው የአልጋችን ብረት ነው።

አልነገርኩትም። ብነግረው ጭምብሉን ያስራል ብለሽ ነው? አውቀዋለሁ። «ሸክም አልሆንሽም» ብሎ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያነጋል፤ እንቅልፍ ባጣ ቁጥር ደግሞ ቀኑም ይብስበታል። አንቺ ለምኚልኝ። የአንቺን ይሰማል።

ኅዳር 9

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ጤናው ይመለስልዎት፣ እጅዎ መዶሻ አይጣ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው። ተሳፋሪ ይሰድበኛል፣ እኔም በሆዴ እሰድበዋለሁ፣ በሰላም እንለያያለን።

ስለ ማሽኑ ያሉትን አነበብኩ። ቁጣዎን ከዚህ ሆኜ እያየሁት አንድ ነገር ልንገርዎት። የእኔ አውቶቡስ ብረት ነው፤ እርስዎ ቢያዩት «ይሄስ ብረት ነው» የሚሉት ዓይነት። ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ ወዲያው አልሄድም። ፍሬኑ የሚሠራው በአየር ነው፤ ጋኖቹ አየር እስኪሞሉ ድረስ ፍሬኑ ጎማውን አይለቅም። እኔ መሪዬን ይዤ የአየር መለኪያዋ መርፌ ቀስ እያለች ስትወጣ አያለሁ። ተሳፋሪው ሰዓቱን እያየ ይነጫነጫል። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ቆሞ የሚጠብቀው ትንፋሽ ነው። አየር የምትሞላለት ትንሽ ማሽን አለች፤ ከሞተሩ ጎን ተደብቃ የምትሠራ። አውቶቡሱ ግን «እኔ ከሰል አይደለሁም» ብሎኝ አያውቅም።

እባክዎ አጎቴ፣ ይሞክሩት። ለእኔ ሲሉ።

ጣ ጣውን ስላነሱ ሳቅሁ። እዚህ ተሳፋሪ መውረድ ሲፈልግ በሳንቲም ወይ በቀለበት የመደገፊያውን ብረት ይመታል። አሁን ድረስ ቀኝ እጄ ወናፍ ፍለጋ ከመሪው ላይ ይነሳል። ምን ዓይነት ትምህርት እንዳስተማሩኝ እንግዲህ ይወቁት።

ሞረዱን ገዝቼ ልኬያለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

(በሌላ ወረቀት)

እትዬ፣ ይህችን ለብቻዎ ያንብቧት። ደብዳቤዎን ያነበብኩት በሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ተቀምጬ ጀምሬ ቆሜ ጨረስኩት። የሰው ሕይወት በማንኪያ ጫፍ ተይዞ ሲያድር ሰምቼ አላውቅም። ግን እርስዎ መቼ ነው የሚተኙት? የአጎቴን ትንፋሽ እርስዎ እየጠበቁ የእርስዎን ማን ይጠብቃል? ይንገሩት እባክዎ።

ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለወናፌ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ አለሁ። ጤና ይስጥሽ፣ ከተሳፋሪሽም ምላስ ይሰውርሽ።

ሞረዱ ደርሷል። እንዲህ ያለ ጥርስ በአፌም ኖሮኝ አያውቅም። ከደብዳቤሽ ግን ሁለት ወረቀት ወጣ፣ የተነበበልኝ አንዱ ነው። «ሌላውስ?» ስል «የሴት ጉዳይ ነው» አለች። ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ የሴት ጉዳይ ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ይሄንንም ጻፊው፤ አዎ፣ ጻፊው።

የአውቶቡስሽን ነገር ሰማሁ። አነጋገርሽ ጥሩ ነው፤ አባትሽም እንደዚሁ አፍ ነበረው። ለአንቺ ብዬ ሞከርኩት። የሆስፒታሉ ነርስ ቤት መጥታ ጭምብሉን አሰረችልኝ፣ ማሽኑን ከፈተችው። ሳልጠራው ነፋብኝ። እኔ ላወጣ ስል እሱ ያስገባል፣ እኔ ላስገባ ስል እሱ ያርፋል። ብረት ቤት ውስጥ ቀጥቃጩ ያዛል፣ አናፊው ይታዘዛል፤ እንዲህ ያለ አናፊ ቢመጣብኝ በዚያው ቀን ነበር የማባርረው። ገንጥዬ ወረወርኩት። አልጋ ስር ተመልሷል። ይበቃዋል።

አሁን የሚያሳስበኝ የእሷ ነገር ነው። ባለፈው ምድጃው ላይ ውሃ ጥዳ ቆማ ሳለ እንቅልፍ ወሰዳት። ቆማ ነው የምልሽ። ቀኝ እጇ የፈላው ውሃ ውስጥ ገባ። ጩኸቷን ከብረት ቤት ሰምቼ ሮጬ መጣሁ፤ የኩሽናው ደፍ ላይ ስደርስ ትንፋሼ አልቆ እኔም ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ሽማግሌ ወለል ላይ ተፋጠጥን። «አንተ ምን ሆንክ?» ትለኛለች እጇን ይዛ። እንዲህ ያለች ሴት ናት። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብላት እንቅልፍ እንጂ በሽታ የለብኝም ትላለች። ታዲያ ሌሊቱን ምን ሠርታ ነው ቀን የምታንቀላፋው? እኔ አጠገቧ ተኝቼ መተኛት እንዴት ያቅታታል?

ፊደሉ ከተጣመመብሽ በግራ እጇ እየጻፈች ነው። ሾርባ የምጠጣባት ማንኪያም ጠፍታለች። ቤቱ መላ ቅጡ ጠፍቷል።

ሕልሜ ግን አለልኝ። አባቴ ሰሞኑን ደከም ብሎታል መሰል፣ አመታቱ ሳሳ ብሏል።

አጎትሽ

ልጄ፣ በግራ እጄ መምታት ለምጃለሁ። አትጨነቂ። መጻፍ ብዙ አልችልም።

ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለእትዬ፣ ለብቻዎ፤

ሰላምታዬ ለእጅዎ ቁስል ይድረስ፤ ፈጣሪ ይማርልኝ።

አልጨነቅም ብዬ አልዋሽዎትም። ከሥራ ስመለስ ፎቁ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ያዝኩ፤ እርስዎ የሚሰሙት ዝምታ ምን ያህል እንደሆነ ላውቅ። ብዙም ሳልቆይ ዓለም ጠበበኝ። ደረቴ ራሱ በግድ ከፈተኝና ተነፈስኩ። ደረቱ በግድ የማይከፍተው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ያንን ዝምታ መስማት፣ በየምሽቱ፣ ይህን ሁሉ ወር። እኔ ይህን ሳስብ ሰው ምን ያህል ትልቅ ፍጥረት እንደሆነ ይገርመኛል። ግን እትዬ፣ እርስዎም ሰው ነዎት። ዛሬ ውሃ ነው፤ ነገ ማንኪያው በእጅዎ እንዳለ እንቅልፍ ቢወስድዎትስ? እርስዎ የወደቁ ቀን ሁለታችሁም ናችሁ የምትወድቁት።

ይንገሩት። ካልነገሩት የሚቀጥለውን ደብዳቤ የምልከው ለጎረቤታችሁ ለልብስ ሰፊው ነው። እሱ ደግሞ ሲያነብ ሰፈሩ ይሰማዋል። እንደማላደርገው አይመኑ።

ልጅዎ

ጥር 28

ይድረስ ለአጎቴና ለእትዬ፤

ሰላም ለቤታችሁ። መልስ አልመጣም። ፖስታ ሳጥኑን ስከፍት የመብራት ሒሳብ ብቻ ነው የማገኘው። እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ አታነሱም። ተቆጥታችሁ ከሆነ ተቆጥተናል በሉኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል፤ በግራ እጅም ቢሆን።

ልጃችሁ

የካቲት 11

ይድረስ ለወናፌ፤

ዕድሜሽ ይርዘም። ስለዘገየሁ አትቆጪ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። የዛሬው ብዕር የልብስ ሰፊው ነው፤ የተቀመጥነው እሱ ሱቅ ደፍ ላይ ነው፤ ከዚህ ሆኜ የቤቴ በር ይታየኛል። ማንም እንዲያንኳኳ አልፈልግም። ባለቤቴ ተኝታለች። ልብስ ሰፊውንም የስፌት መኪናውን አስቁሜዋለሁ፤ ፊቱ ጠቁሯል። (አልጠቆረም። ልብስ ሰፊው።)

ነገሩን ከሥሩ ስሚ። አልጋችን ይንቋቋ ጀመር፤ ብሎኑን ላጠብቅ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። አልጋውን ለሠርጋችን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቀለሙንም የቀባሁት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዷን ብየዳ አውቃታለሁ። በእሷ በኩል፣ ራስጌው ላይ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያበራል። መነጽሬን አድርጌ ቀረብኩት። የተፋቀ አይደለም፣ የተመታ ነው። ቀለል ባለ፣ ጠርዙ ክብ በሆነ ነገር። ቆሞ የተመታም አይደለም፤ ጋደም ያለ ሰው ከጎን የመታው ነው። ምቱ ምት ላይ ተደራርቦ ብረቱን እንደ መስታወት አድርጎታል። ቀኝ እጅ ነው፣ የረጋ እጅ። ከዚያ ጎን ደግሞ አዲስ ምት አለ። ወዲያ ወዲህ የተበተነ ነው፣ ደካማ ነው፣ የግራ እጅ ነው።

ግራ እጅ ስል የተቃጠለው እጇ ትዝ አለኝ። ትራሷን አነሳሁ። የሾርባ ማንኪያዬ እዚያ ናት። ጠርዟ ተደፍጥጧል።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ብረት ግን ሲያወራኝ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ ግን አያውቅም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ቀረሁ። ብሎኑንም ረሳሁት።

ማንኪያዋን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ኩሽና ውስጥ ዕቃ ታጥባለች፤ ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። ጥቂት ተነፈስኩና ትንፋሼን ሆን ብዬ ያዝኩ።

ውሃው ቆመ።

ወናፌ፣ ገብቶሻል? እኔ መተንፈስ ሳቆም ውሃው ቆመ። በሌላ ክፍል፣ በግድግዳ ማዶ፣ ቧንቧ ከፍታ፣ ሰሃን እያንኳኳች፣ የእኔን ትንፋሽ እያዳመጠች ነበር። በባዶ እግሯ መጣች። ጣ ጣ። እኔ ትንፋሼን አጥብቄ ይዤዋለሁ፤ ደረቴ ግን ሳያማክረኝ ተነሳ። ለእኔ እምቢ ብሎ ለእሷ ታዘዘ።

እኔ እኮ አባቴ መስሎኝ ነበር።

ዓይኔን ስገልጥ ማንኪያዋን እንደ ልጅ ከኋላዋ ደበቀች።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ማንኪያው።»

ማንኪያዋን ከኋላዋ አውጥታ በቀሚሷ ጠረገቻት። ከዚያ «ስትረሳ ብቻ ነው» አለች።

«ብዙ እረሳለሁ?»

«ተወው እባክህ። ሻይ ላፍላልህ?»

ሻዩን እኔ ነኝ ያፈላሁት። ጠቆረ፣ መረረ፣ ጠጣችው። ከዚያ ካርቶኑን ከአልጋ ስር ጎትቼ አወጣሁት። አቧራውን እፍ ስል ትንፋሽ አጠረኝና ደግሞ ሳቀች። ስትስቅ ነው ምን ያህል እንደከሳች ያየሁት።

ነርሷን ጠራኋት። «አባባ» አለችኝ፣ «ባለፈው የታገሉት እርስዎ ነዎት። አይቅደሙት፣ አይከተሉት፤ እንደ ልማድዎ ይተንፍሱ። እሱ ነው የሚከተልዎት። የሚያናፋልዎት ሲረሱ ብቻ ነው።» ሲረሱ ብቻ። ያው የባለቤቴ ቃል። ጭምብሉን አስሬ ተኛሁና ፈተንኩት። ስስብ ሳበ፣ ሳወጣ ለቀቀ። ከዚያ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ምን ይል እንደሆን። ጠበቀኝ። ጥቂት ጠበቀኝና፣ እንደ አዋቂ ሠራተኛ፣ ሳያዋክብ ቀስ አድርጎ አናፋልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ አናፊ አላገኘሁም፤ አንቺንም ጨምሮ። አንቺ ታንቀላፊ ነበር።

እሷ ግን አላመነችውም። ማንኪያዋን ይዛ ደረቴን ስታይ እንቅልፍ ጣላት። ይኸው እስከ ዛሬ እየተኛች ነው፤ ትነሳለች፣ ትቀምሳለች፣ ትመለሳለች። የዕዳዋን ያህል ትተኛ። ብረት ቤቱን ዘግቻለሁ። በዚህ መንገድ ዳር ብረት የሚመታ ካለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው፤ ጎማ ጠጋኙ ትናንት ቸርኬ ሲደበድብ ሄጄ መዶሻውን ተቀብዬዋለሁ። «ሽማግሌው ለየለት» ይበሉ። ምክንያቱን ላንቺ ልንገርሽ። ብረት ሲጮህ ትንፋሿ የተኛ ሰው ነው፣ ዓይኗም አይገለጥም፤ እጇ ግን ይነሳና ትራሷ ስር ማንኪያዋን ይፈልጋል። አገኛት አላገኛት፣ አየር ላይ ጣ ጣ ያደርጋል።

ይህን ካየሁ ወዲህ መዶሻ አላነሳሁም።

እኔ ከሰል አይደለሁም ብዬሽ ነበር። ፍም ሆኜ ተቀምጬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው እፍ ሲለኝ፣ ራሴን እሳት አድርጌ ሳወራ ነበር ለካ።

ምንም ነገር እንዳትልኪ። ምንም አያስፈልገኝም።

አጎትሽ

የካቲት 30

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ ነቅተዋል? ከተኙ አይቀስቅሷቸው፤ ሰላምታዬን በኋላ ይስጡልኝ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ከወረደ በኋላ ነው። ውሃው ቆመ የሚለው ላይ ስደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። ባዶ አውቶቡስ ሞተሩ ሲጠፋ ከታች ትንፋሹን ይለቃል፤ ረጅም፣ ልክ ሸክሙን እንዳወረደ ሰው። በየቀኑ እሰማው ነበር። እንደዚያ ቀን ሰምቼው ግን አላውቅም።

እርስዎ ምንም አያስፈልገኝም ብለዋል። እኔን ግን አንድ ነገር ያስፈልገኛል። ድምፅዎን መስማት እፈልጋለሁ። ወረቀት ላይ ትንፋሽ አይሰማም ያሉት እውነት ነው፤ የጎደለኝም እሱ ነው። ቢቆራረጥም ይቆራረጥ። አላለቅስም። ካለቀስኩም አፌን በክንዴ ይዤ ነው።

ወናፍዎ

መጋቢት 22

ይድረስ ለወናፌ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ብዕሩ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል፤ ልብስ ሰፊው ተሰናብቷል፣ ጭማሪ ያበዛል። የምትጽፈው በቀኝ እጇ ነው። ጠባሳው ይታያል፣ ጣቶቿ ግን ይታዘዛሉ። ክብደቷም ተመልሷል። (ይሄን ምን አገባው?) ጻፊው፣ ደስ ይላታል።

ብረት ቤቱን ከፍቻለሁ። እንደ ድሮው አይደለም። ጥቂት እመታለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ትንፋሼ ሲመጣ እነሳለሁ። ደንበኛ ሲቸኩል «ብረቱም አልቸኮለ» እለዋለሁ። ሐኪሙ ይሄ አብሮህ የሚኖር ነው ብሎኛል። ይኑር።

ማታ ማታ ጭምብሌን አስራለሁ። መልኬ ጉድ ነው፤ ባለቤቴ ዝሆን ትለኛለች። ሕልሙ ግን ቀረ። አባቴ አይመጣም፣ መስፉም አይጮህም። ትንሽ ከፍቶኛል፣ አልዋሽሽም። ግን ምን ላድርገው፣ ያ ሕልም የሚሠራው በእሷ እንቅልፍ ነበር።

በምትኩ አንድ ነገር አገኘሁ። ከሰዓት በኋላ እሷ ጋደም ስትል ወንበሬን እስባለሁና አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን አያለሁ። ማሽን የለ፣ ማንኪያ የለ፣ የሚያዝ የለ። ይገባል፣ ይወጣል። ጫፉ ላይ ደርሶ ጥቂት ይቆማል፣ እኔ ልቤ ይቆማል፣ ከዚያ ራሱ ይመለሳል። በዚህ ሰዓት በዓለም ላይ የተኛው ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው። አንቺም ስትተኚ እንደዚህ ነሽ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲሆን ነበር፣ እኔ ግን እሳት ሳይ ኖርኩ።

አልጋው ላይ ያለውን ምልክት ቀለም ቀባው ትለኛለች። አልቀባውም። እጄ የሠራው ብዙ ብረት አለ፤ እንደሱ የሚያበራ የለኝም።

እሁድ ደውዪ። አነሳዋለሁ። መሀል ላይ ዝም እላለሁ፤ መስመሩ የተቋረጠ ይመስልሻል። አልተቋረጠም። እንዳትዘጊው። እንዳትጮሂም። ጠብቂኝ። ይመለሳል።

አጎትሽ

(ቢዘገይ ማንኪያዋ እኔ ዘንድ ናት።)